«አስቦ» የምትለዋ ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ ለንባብ ክበብ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተውት ነበር፣ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ተየብኩት። ሌላ ሰው ሲተይብልኝ ደስ አይለኝም። ሳሌንና አንዳንድ «እንትን» ከማውጣቴ በቀር እንደተነገረ ነው።

እንደምን አመሻችሁ! ኧረ ቁጭ በሉ፣ እግዜር ያክብርልኝ። አንተ በሩ ጋ ያለኸው፣ ገርበብ አታድርገው፣ ዝጋው እባክህ። የዚህ አገር ብርድ ሽማግሌ ለይቶ ነው የሚመታው። ጋቢ ለብሼ በመምጣቴ እንዳትስቁብኝ፣ ትንሽ ሲመሽ እናንተም ትመኙታላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ማስታወቂያችሁ ላይ «የወንጀል ባለሙያ» ብላችሁ ጽፋችሁኛል። ውሸት ነው። ፖሊስ አይደለሁም። ዳኛ አይደለሁም። ጠበቃም ሐኪምም አይደለሁም። የችሎት ጸሐፊ ነበርኩ። ከ1977 እስከ 2015 ዓ.ም.፣ 38 ዓመት፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሌሎች ሲናገሩ እኔ ስመታ ኖርኩ። መጀመሪያ በታይፕራይተር፣ ኋላ በኮምፒውተር። ስለ ገዳይ የማውቀው በጣቴ ያለፈውን ነው። እሱም ትንሽ አይደለም።

ልጆቹ ሲጋብዙኝ «እትዬ፣ ስለ ሲሪያል ኪለር ይንገሩን» አሉኝ፣ በየጊዜው ሰው እየደጋገመ የሚገድለውን ማለታቸው ነው። እኔ ሲሪያል ሲባል የማውቀው የማሽን ቁጥር ነው፣ በየዓመቱ ንብረት ሲቆጠር የሚመዘገበውን። የልጅ ልጄ ዩቲዩብ ከፈተልኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ አየሁ። ወይ ጉድ! የሚያስፈራ ሙዚቃ፣ ጨለማ መንገድ፣ ከዚያ አንድ ድምፅ «ይህን ሰው ወደ ግድያ የገፋው ምን ነበር?» ይላል። ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔም 38 ዓመት ጠይቄዋለሁ። ግን እኔ መዝገብ ውስጥ ያገኘሁት መልስና ዩቲዩቡ የሚሰጠው መልስ አይገናኙም። ዛሬ የመጣሁት ለዚሁ ነው።

ሦስት ነገር ይዤአለሁ። አንደኛው ቃል ነው። ሁለተኛው ቂም ነው። ሦስተኛው ገዳይ በምን ይያዛል የሚለው ነው። መንገድ ከሳትኩ ታገሡኝ፣ ችሎት ውስጥ ለ38 ዓመት ዝም ብዬ ስለኖርኩ አሁን ወሬ ይበዛብኛል።

እሺ፣ ቃል።

«ገዳይ» የሚለው ቃል በእኛ አፍ ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ? እስቲ ስድብ ነው የምትሉ እጅ አውጡ። ሙገሳ የምትሉስ? አያችሁ፣ ተከፈላችሁ! ሠርግ ላይ ሽለላው ሲደምቅ «ገዳይ! ገዳይ!» አይባልም? ኮረዳዋ የወደደችውን «ገዳዬ» ስትለው አልሰማችሁም? አባቶቻችን ይህን ቃል ያመጡት ከአደንና ከጦር ሜዳ ነው። አንበሳ የገደለ ይፎክራል፣ ጠላት የገደለ ይፎክራል፣ ወጉ ነው። እኔም ጥሩ ቀረርቶ ስሰማ ፀጉሬ ይቆማል፣ አልዋሽም። ችግሩ ቃሉ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ትጥቁን ሳይፈታ ጠላ ቤት መግባቱ ነው።

ችሎት ስትገቡ ደግሞ ሌላ ቃል ይጠብቃችኋል። የግድያ ክስ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምረው፦ «ተከሳሽ ሰውን ለመግደል አስቦ…»። አስቦ! ስንት ጊዜ እንደመታሁት እግዜር ይወቀው። ይህች ቃል ቀላል አይደለችም። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ያየ ያውቃል። አንቀጽ 539 ከባዱ ነው። አስቀድሞ አቅዶ፣ ወይም በተለየ ጭካኔ፣ ወይም ሌላ ወንጀል ለመሸፈን የገደለ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። አንቀጽ 540 ተራው ነው፣ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። «ተራ» መባሉ እኔን ሁሌም ይደንቀኝ ነበር፣ የሰው ሞት ምኑ ተራ ነው? አንቀጽ 541 ደግሞ ቀላሉ ነው። ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈ፣ ወይም ድንገት ብርቱ ስሜት ገንፍሎበት የገደለ፣ ከ5 ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። እንግዲህ ልብ በሉ። ሬሳው ያው አንድ ሬሳ ነው። ልዩነቱ ገዳዩ ልብ ውስጥ በዚያች ደቂቃ የነበረው ነገር ነው። እና ያንን ማን አየው?

አንድ መዝገብ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም፣ ቀበሌም አልጠራም። 1999 ዓ.ም. ነው። ሁለት ጎረቤታሞች እርሻቸው ይዋሰናል። አንዱ ሲያርስ ሁለት ትልም ገፋ። ሁለት ትልም ብቻ! ባቄላ ቢዘራበት ለአንድ ሳምንት ሽሮ አይበቃም። ባለ ትልሙ ዓመት ሙሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ማታ ማኅበር ጠጥተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኙ፣ ተነጋገሩ፣ በያዘው ዱላ ጭንቅላቱን መታው። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አስከሬኑ ለምርመራ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ተልኮ ተመለሰ፤ ያኔ ከዚህ 130 ኪሎ ሜትር ሬሳ ተጭኖ ሄዶ ተጭኖ ነበር የሚመጣው፣ ቤተሰቡም ድንኳን ጥሎ ይጠብቃል።

የተከሳሹ ቃል ሲመጣ እንዲህ ይላል፦ «ቀደም ሲል በነበረን የድንበር ግጭት ተነሳስቼ፣ ለመግደል አስቤ መታሁት።»

ልጆች፣ እኔ መንዝ ነው የተወለድኩት። ከገበሬ አፍ «ተነሳስቼ» የሚል ቃል ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። ገበሬ «ደሜ ፈላ» ይላል። «እኔ እንጃ» ይላል። «ሰይጣን አሳሳተኝ» ይላል። «ተነሳስቼ» የቢሮ ቃል ነው። ፖሊሱ ይጠይቃል፣ ሰውየው ይንተባተባል፣ ፖሊሱ በእጁ ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ አሳምሬ በማሽን እመታለሁ። ሦስት ሰው ያበጀው ቃል «የተከሳሽ ቃል» ተብሎ መዝገብ ላይ ይቀመጣል። እናንተ ዩቲዩብ ላይ «ገዳዩ ራሱ የተናገረው!» ሲባል የምትሰሙት ነገር ስንት እጅ እንዳለፈ አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ሰውየው 14 ዓመት ተፈረደበት። ውሳኔው ተነቦ ሲወጣ፣ በሁለት ፖሊስ መሀል ሆኖ፣ እኔ ጠረጴዛ ጋ ቆመ። «እትዬ» አለኝ፣ «እኔ ‹አስቤ› አላልኩም። ‹ተናድጄ› ነው ያልኩት።» ወሰዱት።

ዳኞቹ የፈረዱት በምስክርና በሐኪም ማስረጃ ነው፣ በእኔ ጣት አይደለም፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። በነጋታው የፖሊሱን የእጅ ጽሑፍ ልፈልግ መዝገብ ቤት ገባሁ። ገጹ ሻይ ፈስሶበት ቃሏ የነበረችበት ቦታ ጠፍቷል። ፖሊሱ ይጻፈው፣ እኔ ከልማዴ ልምታው፣ እስከዛሬ አላውቅም። የየትኛው ፍርድ ቤት መዝገብ እንደሆነ አትጠይቁኝ።

እሺ፣ ሁለተኛው። ቂም።

ያው መዝገብ ላይ ልቆይ። ሦስተኛው የዐቃቤ ሕግ ምስክር ቀረበ። ንጹሕ ሰው፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ምሎ ቃሉን ሰጠ። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ የተከላካዩ ጠበቃ «የዚያን ቀን ማኅበሩ ላይ ለተከሳሽ ምን አልከው?» አለው። ምስክሩ ሳቅ ብሎ፣ «ኧረ ለጨዋታ ነው ጌታዬ። ‹ዘንድሮ ትልምህን፣ ለከርሞ ጓሮህን፣ ከዚያ ሚስትህን› አልኩት» አለ። ሰው ሳቀ። ዳኛው ሳይቀር ከንፈሩን ነከሰ። እኔም መታሁት፦ «ለጨዋታ ነው።»

በሚስትና በርስት ቀልድ የለም ሲባል ሰምታችኋል አይደል? ያ ሰውዬ ግን በሁለቱም ቀለደ፣ ጠላ በያዘ ሰው ፊት፣ አሥራ ምናምን ሰው እየሰማ። ክሱ ላይ ስሙ የለም። ሊኖርም አይችልም፣ ሕግ በቀልድ አይከስም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን የግድያ መዝገብ ስመታ አንድ ነገር መፈለግ ጀመርኩ፦ ከመምታቱ በፊት የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ማነው? ብዙ ጊዜ ሟች አይደለም። ገዳይም አይደለም። ዳር የቆመ ሰው ነው። «ወንድ አይደለህም እንዴ» ያለ ነው። «እኔ ብሆን ኖሮ» ያለ ነው። እና ብዙውን ጊዜ የምስክር ወንበር ላይ ታገኙታላችሁ።

ይህን ከመዝገብ በፊት ከቤቴ ተምሬዋለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም በግጦሽ ጠብ ተገደለ። 1930ዎቹ መጨረሻ ነው፣ እኔ አልተወለድኩም። አያቴ አላለቀሰችም አሉ። ግን ጠላ በቀዳች ቁጥር አንድ ዋንጫ ባዶውን ታስቀምጣለች። እንግዳ ቢመጣ፣ ዓመት በዓል ቢሆን፣ ባዶው ዋንጫ ከመሀል አይነሳም። ማንም «ይህ ምንድን ነው?» አይልም፣ ሁሉም ያውቃል። ትንሹ አጎቴ ያን ዋንጫ እያየ አደገ። ማንም «ግደል» አላለውም። አንድም ቀን! ሃያ ዓመት ሲሞላው ወይፈን ሸጦ ምንሽር ገዛ።

እንግዲህ ፖሊስ ቢይዘው «ምን አነሳሳህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ምን ይላል? «ዋንጫ» ይላል?

ሽማግሌዎችና ቄሶች መጡ። የገዳይ ወገን በባዶ እግሩ፣ ድንጋይ ተሸክሞ በር ላይ ተደፋ። አያቴ አሻፈረኝ አለች። ሁለተኛ መጡ፣ አሻፈረኝ። ሦስተኛው ቀን የገዳዩ እናት ራሷ አብራ መጣች፣ አሮጊት ናት፣ አቀበቱ አድክሟታል፣ ውሃ ጠየቀች። ውሃ ለጠየቀ አይከለከልም። እናቴ የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቤት ያለው ዋንጫ ሁሉ ሽማግሌዎቹ እጅ ላይ ነው። የቀረው ያ ብቻ ነው። አነሳችው፣ ውሃ ቀዳችበት፣ ሰጠቻት። ቤቱ ጭጭ አለ። አሮጊቷ ምን እንደያዘች ገብቷታል፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ጠጣችው።

እርቁ በዚያ ቀን አለቀ ብዬ አልዋሻችሁም። በካሳው ላይ ከብት እየቆጠሩ ወራት ተጨቃጭቀዋል። ግን ምንሽሩ ተሸጠ። እናቴ ዛሬ 85 ዓመቷ ነው፣ ሳታውቂ ነው ወይስ አውቀሽ ብዬ ስጠይቃት «ዋንጫ ጠፍቶ ነው» ትለኛለች። አይኗን ግን ታሸሻለች።

ይህ የእኛ አገር ነገር ነው እንዳትሉ። ፈረንጅ አገር ልውሰዳችሁ። ኒውዮርክ። ጆርጅ ሜተስኪ የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1931 የኤሌክትሪክ ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ አደጋ ደረሰበት፣ በጋዝ ተጎዳ። ካሳ ጠየቀ፣ ዘግይተህ ነው ያመለከትከው ተብሎ ተከለከለ። ደብዳቤ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈ። መልስ የለም። በ1940 የመጀመሪያውን ፈንጂ አስቀመጠ። እስከ 1956 ድረስ፣ 16 ዓመት ሙሉ፣ ከ30 በላይ ፈንጂ በሲኒማ ቤት፣ በባቡር ጣቢያ፣ በቤተ መጻሕፍት አኖረ። ሰው አልሞተም፣ በተአምር ነው፣ 15 ሰው ግን ቆስሏል። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ «ለአገሬ ስል እስኪያበቃ አቆማለሁ» ብሎ ደብዳቤ ላከ፣ አቆመም! ቂምን መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቆይቶ አንስቶ አቧራውን ማራገፍ! መንዜ ይህን ሲሰማ ዘመዴ ነው ማለቱ አይቀርም።

ስለ እሱ ሲወራ ስሙ የሚነሳው ጄምስ ብራስል የሚባለው የአእምሮ ሐኪም ነው። ሰውየውን ሳያየው፣ ስትይዙት ደረብ ያለ ኮት ቆልፎ ታገኙታላችሁ አለ፣ እንዳለውም ሆነ ይባላል። የሳተውም ብዙ ነበር፣ እሱ አይወራም። ሜተስኪን ያገኘችው ግን ማን መሰለቻችሁ? አሊስ ኬሊ የምትባል የኩባንያው ጸሐፊ! የድሮ የካሳ ማመልከቻዎችን አንድ በአንድ ስታገላብጥ፣ ፈንጂ አኗሪው ለጋዜጣ የጻፈው ዓይነት ቃል አንድ አሮጌ ፋይል ውስጥ አገኘች። ጸሐፊ ናት ልጆች፣ ጸሐፊ! ይህን ያነበብኩ ቀን ለራሴ ቡና አፍልቻለሁ።

አሁን ስለ ኬምፐር ልትጠይቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ፊት ለፊት ያለኸው አስቀድመህ ነግረኸኛል፣ በየማታው ሁለት ሰዓት ታያለህ አሉ፣ እንቅልፍ ይወስድሃል ግን? እሺ። ኤድመንድ ኬምፐር በ15 ዓመቱ፣ በ1964፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ አያቶቹን ገደለ። የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ ቆይቶ ድኗል ተብሎ ተለቀቀ። በ1972 እና በ73 ስድስት ወጣት ሴቶችን፣ በመጨረሻም እናቱንና የእናቱን ጓደኛ ገደለ። ከዚያ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዶ ከስልክ ዳስ ፖሊስ ጠራና «እኔ ነኝ» አለ። መጀመሪያ አላመኑትም፤ ፖሊሶቹ የሚያዘወትሩበት መጠጥ ቤት አብሯቸው የሚጠጣ ወዳጃቸው ነበራ። ኤፍቢአይ በኋላ ሬስለርና ዳግላስ የሚባሉ መርማሪዎቹን እስር ቤት እየላከ 36 እንዲህ ያሉ ነፍሰ ገዳዮችን አነጋገረ። አን በርጀስ የምትባል ነርስ ናት ጨዋታውን ወደ ጥናት የለወጠችው። ልጅነታቸው ውስጥ ዱላና ውርደት በዛ፣ ከመግደላቸው በፊት ደግሞ ለዓመታት በሐሳባቸው ሲገድሉ ኖረዋል።

ጥሩ ሥራ ነው። ግን 36 ሰው ነው። ተይዘው የታሰሩ፣ ለመናገርም ፈቃደኛ የሆኑ። ኬምፐር ደግሞ ማውራት የሚወድ ሰው ነው። እኔ ቃል እንዴት እንደሚበጅ አይቻለሁና፣ የሚያምር ታሪክ የሚናገር ገዳይ ሳይ ጣቴ ይቆማል።

እና ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ? እንደ ኬምፐር ያለው በጣም ጥቂት ነው። የተባበሩት መንግሥታት በ2023 የቆጠረውን ስሙ። በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከተገደሉ 85,000 ሴቶችና ልጃገረዶች ውስጥ 51,100 ያህሉን የገደላቸው ባል፣ የቀድሞ ባል፣ የፍቅር ጓደኛ ወይም የቤተሰብ አባል ነው። ከመቶው 60። በየአሥር ደቂቃው አንዲት። ጨለማ መንገድ የለም፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ የለም። ምድጃ አጠገብ ነው። እኔ የመታኋቸው የሴት ግድያ መዝገቦች ውስጥ ስንቶቹ «ልፈታህ ነው» ካለችው በኋላ እንደሆኑ ብነግራችሁ! ጠይቁት ባልየውን፣ «ሰው ምን ይለኛል ብዬ» ይላል። አሁንም ዳር የቆመው ሰው!

እናንተ ሴት ልጆች፣ ለእናንተ ብቻ አንድ ነገር። «ያለኔ አትኖሪም» የሚል ወንድ ስታገኙ እንደ ፍቅር ዘፈን አትስሙት። እኔ ያን ዓረፍተ ነገር የመታሁት ክስ ላይ ነው።

ሦስተኛው። ሰዓት አልፏል? አስተናጋጃችን እጁን ያያል፣ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።

ገዳይ በምን ይያዛል? ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነበር፣ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ሌባ ሲጠፋ አንድ ልጅ የሆነ መጠጥ ይጠጣል፣ ራሱን ይስታል፣ ወገቡን በገመድ ይዘው ይከተሉታል። ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው፣ አለቀ። ስንት ንጹሕ ሰው ከብቱን ከፈለ! ደግነቱ ተከለከለ። ሌላው አውጫጭኝ ነው፣ አፈርሳታም ይሉታል። የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ይጮኻል። በስተመጨረሻ አንዱ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ስሙ አይጠቀስም፣ ወፍ ናት የተናገረችው።

ኋላ ቀር ነው ብላችሁ ሳቃችሁ አይደል? እንግሊዝ አገር እንሂድ። ሌስተር አጠገብ ሁለት የ15 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ፣ አንዷ በ1983፣ አንዷ በ1986። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ተያዘና «ሁለተኛዋን እኔ ነኝ» ብሎ አመነ። ቃሉ ተጻፈ፣ አለቀ። አሌክ ጄፍሪስ የሚባል ሳይንቲስት እዚያው ከተማ በ1984 የዲኤንኤ አሻራን አግኝቶ ነበርና ምርመራው ለእሱ ተሰጠ። ውጤቱ ምን አለ? ሁለቱንም የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ግን ይህ ልጅ አይደለም። ያላደረገውን ነው ያመነው! ለምን ሰው ያላደረገውን ያምናል? ፈርቶ፣ ደክሞት፣ ጠያቂውን ሊያስደስት። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ሰው ተገዶ በራሱ ላይ ቃል አይስጥ የሚለው በከንቱ አይደለም።

ከዚያ ፖሊሶቹ ምን አደረጉ? የአካባቢውን ወንዶች ከ5,000 በላይ ጠርተው ደም ወሰዱ። እስቲ ንገሩኝ፣ ይህ አውጫጭኝ አይደለም? ነጭ ጋውን የለበሰ አውጫጭኝ ነው እንጂ! ያም ሆኖ ገዳዩ አልተገኘም። ኮሊን ፒችፎርክ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ የሥራ ባልደረባውን ለምኖ በእሱ ስም ደም አሰጥቶ ነበር። ያ ባልደረባ መጠጥ ቤት ሲጠጣ አፉ አመለጠው፣ አንዲት ሴት ሰማች፣ ለፖሊስ ተናገረች። ወፍ አይደለችም ይህች? በ1988 ተፈረደበት። በዲኤንኤ ምርመራ ተይዞ በግድያ የተቀጣ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው ይባላል፣ ውለታ የዋለችውን ወፍ የሚያነሳት ግን የለም።

የመጨረሻው ደግሞ የእኔ የራሴ ምርጫ ነው፣ ስለ ታይፕራይተር ስለሆነ። ሃሮልድ ሺፕማን፣ እንግሊዛዊ ሐኪም። አሮጊቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ በመርፌ ይገድላል። ሰው ይወደዋል፣ ቀብር ላይ ይመሰገናል። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ 215 ሰው እንደገደለ አረጋገጠ። 215! በምን ተያዘ? በ1998 አንዲት የ81 ዓመት ሴት ሞቱና ሀብታቸውን ለሐኪማቸው ያወረሱበት ኑዛዜ ብቅ አለ። ልጃቸው ጠበቃ ናት። ወረቀቱን ስታየው አተያየቡ ዝርክርክ፣ አነጋገሩ የእናቷ አይደለም። ፖሊስ የሐኪሙ ክሊኒክ ውስጥ አሮጌ ብራዘር ታይፕራይተር አገኘ፣ ኑዛዜው የተመታበት። ሐኪሙ «አውሻቸው ነበር» አለ። ወረቀቱ ላይ ግን የራሱ የጣት አሻራ ነበር።

ልጆች፣ እያንዳንዱ ታይፕራይተር የራሱ ጠባይ አለው። የእኔ ማሽን «ሰ» ላይ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ላይ ትዘል ነበር። ካየኋት ዛሬም እለያታለሁ።

እና ሺፕማን ለምን ገደለ? አልተናገረም። እስከመጨረሻው ካደ፣ በ2004 እስር ቤት ውስጥ ራሱን ሰቀለ። «ማን» የሚለው ተመለሰ፣ «ለምን» የሚለው አብሮት ተቀበረ። ዩቲዩቡ ይህን አይወድም፣ መልስ ያበጅለታል። እኔ ደግሞ ያለቀለት መልስ ሲሰጠኝ ያቺ «ተነሳስቼ» ትዝ ትለኛለች።

በቃ፣ ልጨርስ። ያ የሁለት ትልሙ ሰውዬ።

ከ14 ዓመቱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ በአመክሮ ወጣ። 2009 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ ከደብረ ሲና ወደዚህ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። አላወቅኩትም፣ ሸብቷል። እሱ ነው ያወቀኝ። «እርስዎ ማሽን የሚመቱት አይደሉም?» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ። የያዝኩትን ቆሎ ዘረጋሁለት፣ ቆነጠረ። ስለዚያች ቃል ልጠይቀው አፌ ላይ መጣ። «አስቤ ብለህ ነበር ወይስ አላልክም?» ማለት ብቻ ነው። አልቻልኩም። የጣርማበር ዋሻ ውስጥ ገባን፣ ጨለመ፣ ዝም አልን።

ስንወጣ እሱ ራሱ ጀመረ። «ያቺ ትልም እኮ የለችም» አለኝ።

«ምን ሆነች?»

«ግሬደር ወሰዳት። መንገድ ወጣባት። የእኔም የእሱም አብሮ ሄደ።»

ምን ይባላል? «ያ ሦስተኛው ምስክርስ?» አልኩት፣ ሳላስበው ነው የወጣኝ።

«አለ። መንገዱ ዳር ሱቅ ከፍቷል። ስኳርና ጨው ከእሱ ነው የምንገዛው» አለኝ። ከዚያ ወደ ፊት ጮኸ፣ «ወራጅ አለ!»፣ የመሐል ሜዳው መገንጠያ ላይ ወረደ።